አራስ ቤት ያመለጠኝ ቃል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጣለልኝ። በጽዳት ሠራተኛነት ገብታ በክትባት ሠራተኛነት ለወጣች ሴት ድንኳን ይጣላል ብዬ አስቤም አላውቅ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ኃላፊው ተነሥቶ ተናገረ። ልጅ እግር ነው፤ ክልሉ ሲቋቋም እሱ ገና ዳዴ ይል የነበረ ይመስለኛል። «እማማ ይመኙሻል በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እጃቸው ስቶ አያውቅም» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

እጄስ እውነቱን ነው፣ አልሳተም። ሕፃን መወጋቱን የሚያውቀው መርፌው ከወጣ በኋላ ነው ይሉኝ ነበር። የሳተው አፌ ነው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ያኔ ከአፌ የወጣውን ቃል ሰምቷል፤ ስሕተት መሆኑን ግን ከአንዲት ሴት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንዳያውቅ ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ብዕር ያስያዘኝ ይኸው ነው። ወግ ስለምወድ መንገድ ላይ እዚህም እዚያም ብቆም ታገሡኝ።

እኛ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን። ሰፈራችን ያኔ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። «የት ነሽ?» ሲሉን ቁጥር እንናገራለን፣ እንደ እስረኛ። ከአሶሳ ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ሣር ቤት፣ የቀርከሃ አጥር፣ የማያልቅ ዝናብ። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ከየቤቱ ሰው ሲወስድ፣ ክሊኒክ ተብላ የተሠራችውን የቆርቆሮ ቤት እንድጠርግ ተቀጠርኩ። ደመወዙን አታንሡት።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የመድኃኒት ካርቶን ነው። አማርኛ ወረቀት ባገኘሁ ቁጥር ቤቴ ወስጄ እየደጋገምኩ አነባለሁ፤ ያልገባኝን ድሬሰሩን፣ ክሊኒኩን የያዘውን ቁስል ጠጋኝ፣ እጠይቃለሁ። «አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ» ይለኛል። ሰው ሲበዛበት ደግሞ ያው ሰውዬ «እስቲ ይቺን መርፌ ቀቅይልኝ» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ መርፌ ቀቀልኩ፣ ቁስል አጠብኩ፣ ኋላም ክትባት ያዝኩ።

ደርግ ወድቆ አዲሱ ክልል ሲቋቋም ማኅተሙም አለቆቹም ተለወጡ። ከመሀል አገር የመጡት ባለሙያዎች ነገሩ አላምር ሲላቸው አንድ በአንድ ጓዛቸውን ጠቀለሉ። የእኛም ድሬሰር አንድ ጠዋት የገበያ አይሱዙ ላይ ወጣና በዚያው ቀረ። የክሊኒኩ ቁልፍ እኔ እጅ ላይ ሆነ። ሰዉ «ዶክተሯ» ይለኝ ጀመር። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ እኔም «አፌዙብኝ እናንተ!» እያልኩ እስቃለሁ። እያደር ቀልዱ ቀረ፣ ስሙ ግን ጸና። ስጠራበት አቤት ማለት ለመድኩ።

ሲስተር ሐዋ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ ናት፤ መንጌ በኩል ተወልዳ፣ ነቀምቴ ተምራ፣ ክልሉ የራሱን ልጆች ሲጠራ የተመለሰች አዋላጅ። አሶሳ ተቀምጣ በየሁለት ሳምንቱ ወደ እኛ ትወጣለች። አማርኛ ያደገችበት ቋንቋ ስላልሆነ ሴቱንም ወንዱንም «ና፣ ቁጭ በል» ትላለች። እኔንም «ይመኙ፣ አንተ ልብ የለህም» ስትለኝ ሴቶቹ በሳቅ ይሞታሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ አትለውጠውም። ለሁሉ ነገር «ማሌሽ» ማለት ትወዳለች፣ ግድ የለም፣ አይዞህ እንደማለት። መርፌ ብሰብር ማሌሽ፤ የክትባት በረዶ ቢቀልጥብኝ ማሌሽ።

አሠራሯን ላውራችሁ። አራስ ቤት ስትገባ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ ከዚያ ሕፃኑን በመንካት ፈንታ ሁለቱን መዳፎቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ትቀመጣለች። «ቀዝቃዛ እጅ ልጅን ያስዋሻል» ትላለች፤ ብርዱ ያስደነገጠውን ሕፃን በሽታ ያንቀጠቀጠው ይመስላል ማለቷ ነው። የምትቀመጠው በርጩማ ላይ ነው፤ ዓይኗ ከእናቲቱ ዓይን ዝቅ እንዲል። ሰውን ሁሉ «ማሌሽ፣ ውጡልን» ብላ ታስወጣለች። እናቲቱ ጡት ትሰጣለች፤ ሲስተር ታያለች። አገጩን ታያለች፣ ሲውጥ ታዳምጣለች፣ አንገቱ ቀና ማለቱን፣ የእናቲቱን የእግር ጣቶች ሳይቀር ታያለች። ጣቶቹ ከተኮማተሩ ጡቷን እያመማት ነው። ሕፃኑ በራሱ ፈቃድ አንዱን ጡት እስኪለቅ፣ ሁለተኛውንም እስኪለቅ ድረስ አንዲት ቃል አይወጣትም። ውጭ የሚጠብቀው ሰው ዛፍ ሥር ተኮልኩሎ ያጉረመርማል። እኔ ይሰለቸኛል። «ምን ታየሽ ሲስተር?» ስላት «እሱ ገና ጠብቶ አልጨረሰም፤ እኔ በምን ላውቅ?» ትለኛለች። የምትናገረውን ደግሞ ለእናቲቱ ብቻ ነው የምትናገረው፤ በጆሮዋ።

ይህን ሁሉ እያየሁ ነው የተሳሳትኩት። አላየሁም ነበር ብል ደስ ባለኝ።

ከዚያ በፊት የሆነ አንድ ነገር አለ። ማሽላው ሲታጨድ ወባ ጭንቅላቱ ላይ የወጣበት ልጅ በቃሬዛ መጣ፤ ሰውነቱ ይርገፈገፋል፣ ጥርሱ ገጥሟል። ዘመዶቹ ክብሪት እየጫሩ አፍንጫው ሥር ይይዛሉ፤ የሚጥል በሽታ ነው ብለው። ክብሪቱን አስጣልኳቸው፣ ልጁን በጎኑ አስተኛሁት፣ በእርጥብ ጨርቅ አበረድኩት፣ ያገኘሁት መኪና ላይ ጭኜ አሶሳ ሆስፒታል አደረስኩት። ተረፈ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ሳልፍ ሰው ይነሣልኛል። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ልጅ እፈልግ ነበር መሰለኝ።

ሰዓዳ ከእኔ ቤት ሦስተኛዋ ጎረቤት ናት። ያኔ የመጀመሪያ ልጇን ሐያትን ወልዳ ገና ከአራስ ቤት አልወጣችም ነበር። አማቷ እማ ፋጡማ ያርሷታል። እማ ፋጡማ ደግ ናቸው፣ ግን ያሉትን የሚያስደርጉ ሴት ናቸው። ልጠይቃት ስገባ ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ሴቱ አብሹን፣ ሙቁን ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ይጫወታል። ሰዓዳ በዓይኗ ጠራችኝ። ጠጋ ስል በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፤ «እት ይመኙ፣ ስትጠባ አንድ ነገር ትሆናለች። ለማንም አልተናገርኩም። እስቲ ዝም ብለሽ እይልኝ።»

ዝም ብለሽ ነው ያለችኝ።

ጡቷን ሰጠቻት። ሐያት ያዘች፤ ጎትጎት አድርጋ ዋጠች፣ ዋጠች። ከዚያ ድንገት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ወረወረች። ጀርባዋ እንደ ደጋን ተለጠጠ፣ እጆቿ ተዘረጉ፣ ጣቶቿ ተበረገዱ፣ አገጯ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። በአፏ ጥግ ነጭ አረፋ ታየኝ። እጄን አልታጠብኩም፣ ቁጭ አላልኩም፣ ሴቶቹን አላስወጣሁም፣ ሁለተኛውን ጡት አልጠበቅኩም። ቀና ብዬ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ይሄማ የሚጥል በሽታ ነው!» አልኩ።

ወሬው ቀጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት የራሷን ልጅ ወደ ጉያዋ ሳበች። የሰዓዳን ፊት ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። አላለቀሰችም፤ እንደማያውቁት ሰው አየችኝ። እማ ፋጡማ «እኔስ ጠርጥሬ ነበር» ብለው ተነሡ፤ ምን እንደጠረጠሩ ግን አልተናገሩም። ክብሪት ለኮሱና ሕፃኗ አፍንጫ ሥር ያዙ። ሐያት በጭሱ ታፍና ስትስል፣ ስትገተር፣ «ይኸው፣ ይኸው!» ተባለ። ለሌላው ልጅ ክብሪት ያስጣልኩት እኔ ያን ዕለት ዝም አልኩ። በሽታውን የሰየምኩት እኔ ነኛ፤ አሁን ምን ልበል? ይባስ ብዬ ሲስተር እስክትመጣ ጡቱ ይቆይ አልኩ። ጡት ስትይዝ ስለሆነ የሚነሣባት ለጊዜው ይከልከል ብዬ፣ ከራሴ አውጥቼ።

እማ ፋጡማ የላም ወተት በውሃ አቅጥነው፣ ስኳር ጨምረው በሲኒ ያጠጧት ጀመር። ልጅቷ አስቀመጣት። ጉንጯ ጎደለ። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ አያለሁ፣ ፊቴን እንደ ሐኪም አኮማትሬ። ቆዳዋ ሲሸበሸብ «በሽታው ነው» እላለሁ።

ያዳናት እናቷ ናት። እማ ፋጡማ ለሶላት ሲቆሙ ሰዓዳ ሕፃኗን አንሥታ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ታጠባት ነበር። ይህን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ራሷ ሰዓዳ ናት እየሳቀች ለሌሎች ስታወራ የሰማሁት፤ «አላህ በቀን አምስት ጊዜ ቀጠሮ ያዘልኝ» እያለች። ከእኔ ጋር ሆና ግን ስቃ አታውቅም።

ሲስተር ሐዋ መጣች። መንገድ ላይ ነገርኳት፤ ኩራት ቢጤም ነበረኝ፣ አልደብቅም። እርምጃዋን አፈጠነች። ገባች፣ ታጠበች፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች፣ ሴቶቹን አስወጣች። እማ ፋጡማን ሳይቀር። እኔን አስቀረችኝ፤ «አንተ እይ» ብላ። ሰዓዳ ፈራ ተባ እያለች ጡቷን ሰጠች። ሐያት ጠባች፣ ተወራጨች፣ ተገተረች፣ አገጯ ተንቀጠቀጠ። ሲስተር በሞቀ እጇ አገጩን በስሱ ያዝ አደረገችው። ቆመ። እጇን አነሣች፤ ጥቂት ተንቀጠቀጠ። መልሳ ያዘችው፤ ቆመ። «የሚጥል ቢሆን በእጅ ሲያዝ አይቆምም» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕፃን ጠብቶ ሳይጨርስ ስትናገር የሰማኋት ያኔ ነው። ከዚያ ጡቱን አሳየችኝ። ልጅቷ ስትለቀው ወተቱ እንደ ቀጭን ቧንቧ እየተፈናጠረ ነበር። አረፋ ያልኩት ወተት ነው። የሰዓዳ ወተት ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሕፃኗ መዋጥ አቅቷት ትንታ ሲይዛት ነው የምትሸሸው። ዓይኗም ወዲያው ተመልሶ እናቷን ይፈልጋል፤ የታመመ ልጅ እንዲህ ወዲያው አይመለስም።

ሲስተር ሰዓዳን ትራስ አስደግፋ ወደ ኋላ ጋደም አደረገቻት፤ የመጀመሪያውን ወተት ጨርቅ ላይ አስለቀቀቻት፤ ከዚያ ሐያትን ደረቷ ላይ በሆዷ አስተኛቻት። ልጅቷ ያዘች። ዋጠች፣ ተነፈሰች፣ ዋጠች። እጇ ቀስ ብሎ ተፈታ። አልተወራጨችም። ሰዓዳ ወደ ጣሪያው እያየች እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል። የተጠራቀመው እንባ ያን ዕለት ወጣ።

ውጭ ስንወጣ ማሌሽን ጠበቅኩ። «ዛሬ ማሌሽ አልልህም» አለችኝ። «ወተቱን እኔ አስተካከልኩ። የተናገርከውን ግን እኔ ማስተካከል አልችልም፤ ከአንተ አፍ ነው የወጣው። በየቤቱ ሂድ። ተሳሳትኩ በል።»

ሄድኩ። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ «ስለ ሐያት ልነግራችሁ ነው የመጣሁት» ስል ባለቤትየዋ በርጩማ አወጣችልኝ፣ ልጆቿን ዝም አሰኘች፣ «እሺ ዶክተሯ» አለች። አፌ ላይ የነበረው ቃል ተመልሶ ወረደ። «ድናለች» አልኩ። «ሲስተር መጥታ አይታት፣ ድናለች።»

እልል አለች ሴትየዋ። የሚቀጥለው ቤት ይበልጥ ቀለለኝ። መንደሩን እንዲህ አዳረስኩት። ሲስተር በሚቀጥለው ስትመጣ «ነገርካቸው?» አለችኝ። «ለሁሉም ነግሬያለሁ» አልኳት። አመነችኝ። ብዙም ሳይቆይ ወደ መተከል፣ ማንቡክ ተዛወረች፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

«ድናለች» ማለት በሽታው ነበረባት ማለት ነው። የነበረ ደግሞ ይመለሳል፤ የሚጥል በሽታን ሰው የሚያውቀው እንዲህ ነው። ሐያት ጤነኛ ሆና አደገች፤ አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም። ግን ሠርግ ላይ፣ ድግስ ላይ የእሷ ጣሳ ለብቻው ይቀመጣል፤ ልጆች ሲጣሉ «አንቺ የሚጥልሽ» ይሏታል። እኔ የማደርገው ክትባት ሲመጣ መጀመሪያ እሷን መጥራት፣ ሳሙና ሲከፋፈል ለሰዓዳ አንድ ጨምሮ መስጠት ነበር። ሰዓዳ ትቀበላለች፣ «ይስጥልኝ» ትላለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የወለደቻቸውን ሁሉ ያስከተበችው ከእኔ ዘንድ ነው። ሲያለቅሱባት ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምታጠባው።

ሥራዬ ቀጠለ። ባምባሲ ተመድቤ ሠራሁ፣ ለፖሊዮ ዘመቻ ቶንጎ ድረስ በጭቃ ሄድኩ። እጄን ብብቴ ውስጥ ሳላሞቅ ሕፃን ነክቼ አላውቅም፤ ሰው ሳላስወጣ ቃል ተናግሬ አላውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ሲመጡልን እነሱንም እንዲሁ አስለመድኳቸው። «ይህን ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ «ሲስተር ሐዋ የምትባል ሴት» እላለሁ። ምን ሳጠፋ እንዳስተማረችኝ አልነግራቸውም።

ከሽኝቱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ሐያትን ለልጃቸው የጠየቁ የባምባሲ መንገድ ሰዎች ናቸው። ትልቁ ጋሽ አሊ ይባላሉ፤ ቀልደኛ ሰው ናቸው፣ ሲገቡ «ዶክተሯ ጡረታ ስትወጣ በሽታም አብሮ ጡረታ ይውጣልን» አሉ። ከተቀመጡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷን ወደናታል። ልጁም ካለሷ አላገባም ብሏል። የሰማነው ነገር ግን አለ። ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ያዳንሻትም አንቺ ነሽ ይባላል። ይመለሳል ወይ? እሱን ብቻ ንገሪን።»

«አይመለስም» ብል ይበቃ ነበር። ጋብቻው ይሆናል፣ ስሜም ይቆያል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ነገ ልጅ ወልዳ፣ ልጁ ወተት ትን ሲለው፣ «የእናቱ ነገር ተመለሰ» ሲባል ታየኝ።

«ኖሮባት አያውቅም» አልኩ። «ወተት ነው ትን ያላት። እኔ ሳላጣራ ተናገርኩ።»

ጋሽ አሊ ጠጋ አሉ። ከዚያ፣ «ድናለች ብለሽ በየቤቱ የዞርሽውስ?»

«ተሳሳትኩ ማለት አፍሬ ነው።»

ሌላኛው ሽማግሌ ወደ መሬት ተመለከተ። ጋሽ አሊ ምርኩዛቸውን አንሥተው አስቀመጡ። «እንግዲያው የአንቺን እፍረት ልጅቷ ስትሸከምልሽ ኖረች በይኛ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በደጃፉ ሲወጡ ሁለተኛው ሰውዬ ለጓደኛው «ታዲያ ለእኛ ልጆች የሰጠችውንስ በምን እንመን?» ሲል ሰማሁት። እንድሰማው ብሎ ይሁን አይሁን አላውቅም። እውነቱን ነው፣ ይጠይቅ።

በማግስቱ ሰዓዳ ቤት ሄድኩ። ለውዝ እየፈለፈለች ነበር። ሽማግሌዎቹ ማታውኑ መጥተው ቀን ቆርጠው እንደሄዱ ነገረችኝ፤ እኔ ያልኩትንም ነግረዋታል። እኔ ቆሜ ነው የምሰማት። ይቅርታ ልላት ስጀምር በእጇ ለውዝ እንደያዘች አቋረጠችኝ። «እኔን ተይኝ እት ይመኙ። እኔ ከመጀመሪያውም አላመንኩሽም። ያመነችሽ እሷ ናት። ስነግራት ‹እናት ምን ትበል› ብላ አትሰማኝም፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። ለእሷ ንገሪ።»

ሐያትን ጠራቻት። ረጅም ናት፣ የእናቷን ዓይን ይዛለች። ከጓዳ ወጥታ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ሳመችኝ፤ አክብራኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ቁጭ አልን። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጡቱን፣ ወተቱን፣ አረፋ ያልኩትን፣ ክብሪቱን፣ በየቤቱ የዋሸሁትን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «እሳት ዳር ብቻዬን ተቀምጬ አላውቅም። ወንዝ ስሻገር የሰው እጅ ይዤ ነው። ክፍል ውስጥ አስተማሪ ሲጠራኝ እንኳ ጠረጴዛውን ሳልይዝ አልነሣም። ዓይኔን ብዥ ካለኝ መጣ ብዬ ቁጭ እላለሁ። መቼ ይሆን የምወድቀው እያልኩ ነው ያደግሁት።»

እናቷ መፈልፈሏን አቆመች።

«ይሄን ሁሉ ዘመን የጠበቅኩት ምንም አልነበረም?» አለችኝ ሐያት።

«ምንም አልነበረም» አልኳት።